ይህ የማን እጅ ነው?

አዲስ አበባ በተከራየሁት ቤት ውስጥ አንድ መሶብ አለኝ። ከእነዋሪ የመጣ ነው። ከቤተሰብ ወጥቼ ለብቻዬ መኖር የጀመርኩ ጊዜ አክስቴ በአገር ሰው እጅ የላኩልኝ ስጦታ ነው። እንጀራ ግን አንድም ቀን አላስቀመጥኩበትም። ክዳኑን ለጌጥ ብዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ በሆዱ ውስጥ ደግሞ የቆዩ መጽሔቶች፣ የውሃና የመብራት ደረሰኞች አጠራቀምኩበት። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ "እንዴት ያምራል! በስንት ገዛሽው?" ይለኛል። ስጦታ መሆኑን እነግረዋለሁ። እንግዳውም ክዳኑን አንዴ ዳሰስ አድርጎ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። "ማን ሰፋው?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። እኔም አክስቴ የላኩት ነውና የአክስቴ ሥራ ነው ብዬ እንደ ዘበት ተቀብዬ ኖርኩ።

ባለፈው ጥቅምት እነዋሪ በሄድኩ ጊዜ በእጅ ስልኬ ያነሣሁትን የመሶቡን ፎቶግራፍ ለአክስቴ አሳየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ስልኩን አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ እያደረጉ አዩትና፣

"ይኼ እኮ የእኔ እጅ አይደለም" አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህች አንዲት ቃል ነው። "እጅ" በአማርኛ የሰውነት ክፍል ብቻ አይደለም። "እሷ እጅ አላት" ስንል ስለ ወጥዋ እንናገራለን፤ "የእገሌ እጅ ነው" ስንል ደግሞ ጽሕፈቱን ለይተን ባለቤቱን አወቅን ማለት ነው። አክስቴ "የእኔ እጅ አይደለም" ሲሉ አንድ ሠዓሊ "ይህን ሥዕል እኔ አልሣልኩትም" ከሚለው አይለይም። ስም ያልተጻፈበትን ዕቃ አይተው፣ ባለቤቱን አነበቡ። ለመሆኑ እንዲህ የሚነበብ ነገር ከታሪካችን ገጽ ላይ እንዴት ጠፋ? እኛስ ማንበቡን ከመቼ ጀምሮ ተውነው?

መደብ የሚያወጣው እጅ

እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ከተማ ናት። ሰሜን ሸዋን በደብረ ብርሃን ብርድና በአንኮበር ገደል ብቻ የሚያውቅ ሰው የጅሩን ሜዳ ሲያይ መደነቁ አይቀርም። ከደነባ ወደ እነዋሪ ሲጓዙ ግራና ቀኙ የተንጣለለ እርሻ ነው። ሜዳው ድንገት ሲያበቃ ደግሞ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደው ገደል ከፊት ይከፈታል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ውሃ አቁሮ እግር ይይዛል። አገሩ በጤፉ፣ በስንዴውና በምስሩ ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ስሙን ያስጠራው ግን ተቀልቦ የሚሰባው በሬው ነው፤ በበዓል ሰሞን "የጅሩ ሰንጋ" ሲባል ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው።

ሰንጋውን የሰማ ሁሉ ግን የጅሩን እጅ አልሰማም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በዚያን ጊዜ ኢልካ ይባል የነበረው የአፍሪካ የቁም እንስሳት ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ጥቁሩን አፈር ከሚያቁረው ውሃ የሚያላቅቅ ዘዴ ይፈልጉ ነበር። እነዋሪ ላይ ከእነርሱ በፊት የነበረ ልማድ አገኙ። መሬቱ ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡ፣ ሴቶችና ልጆች ጭምር፣ አጎንብሶ በእጁ አፈሩን እየዛቀ ሰፋ ያለ መደብ ያወጣል፤ በመደብና በመደብ መካከልም ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይተዋል። ተመራማሪዎቹ ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው ያንኑ ሥራ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጡ። ስለ መሣሪያው ብዙ ተጽፏል። በእጃቸው መደብ ሲያወጡ ስለኖሩት ሴቶች ግን የሚነገረው ብዙውን ጊዜ "የቤተሰብ ጉልበት" በሚል ጥቅል ስም ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። በክረምት መደብ የሚያወጣው እጅና ክረምቱ ሲያልፍ ወስፌ የሚይዘው እጅ አንድ ነው። አክስቴም ስፌት ላይ ጌጡ የሚያርፍበትን ነጩን ሣር "መደብ" ነው የሚሉት።

የተናቀና የተከበረ

በቀድሞው ኅብረተሰባችን የእጅ ሥራ ሁሉ እኩል ዓይን አልታየም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ የሚያለፋው "ጠይብ"፣ "ቡዳ"፣ "ፋቂ" እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። ገበሬው ማረሻውን የሠራለትን ሰው ከማዕዱ ያርቀዋል፤ ሚስቱም እንጀራ የጋገረችበትን ምጣድ ከሠራችው ሴት ጋር አትጋባም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ለመንግሥታቸው ራሱ እንቅፋት ስለሆነ ነው። ባለ እጅ የሚሰደብበት አገር ባለ እጅ እያጣ ይሄዳልና። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ።

ስፌትና ፈትል ከዚህ ስድብ ውጪ ነበሩ። እንዝርት የባላገሯም የወይዘሮዋም መሣሪያ ነው። ነውሩ መስፋት ሳይሆን መስፋት አለማወቅ ነበር። "ሙያ" የምንለው ቃል ዛሬ ለሐኪሙም ለመሐንዲሱም ያገለግላል፤ በአያቶቻችን አፍ ግን "ሙያ ያላት" ማለት ወጥ የምትሠራ፣ የምትፈትልና የምትሰፋ ሴት ማለት ነበር።

ታዲያ ስፌት ያልተናቀው ለምንድን ነው? እንቅብና ሰፌድ ገበያ መውጣቱ ባይቀርም፣ ሰፊዋ በስፌቷ የምትተዳደር አልነበረችም። ቀጥቃጩ መሬት ስለሌለው በእጁ ይኖራል፤ ሰፊዋ ግን የገበሬ ሚስት፣ የገበሬ ልጅ ናት፤ እንጀራዋ ከእርሻው ነው። ስለዚህ አልተሰደበችም። ስለዚህም አልተከፈላትም፣ ሥራዋም እንደ ሥራ አልተቆጠረም። የተናቀው ቀጥቃጭ ቢያንስ አዋጅ ወጥቶለታል። ለተከበረችው ሰፊ ግን ምንም መውጣት አላስፈለገም። ሰውን እያከበሩም መርሳት እንደሚቻል ያስተዋልኩት ይህን ሳስብ ነው።

ጠመንጃው ሲቆጠር

ከእነዋሪ ሜዳ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አንኮበር እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራ የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ይዞ የመጣው ስጦታ ብዙ ነበር፤ ከሁሉ የሚጠቀሱት 300 ጠመንጃዎች ናቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሃሪስም ያየውንና የሰማውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ላይ በሦስት ቅጽ አሳተመ። የሸዋን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ እስከ ዛሬ ያንን መጽሐፍ ሳያገላብጥ አያልፍም።

ንጉሡ በበኩላቸው በአገሩ ደንብ ለእንግዳ ድርጎ ያስቆርጣሉ። ድርጎ የየዕለት ምግብ ነው፤ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ማሩ፣ ጠጁ። እንጀራና ዳቦ በቤተ መንግሥት ደጅ በሰው ራስ ላይ ሆኖ ሲያልፍ በምን ተሸፍኖ እንደሚያልፍ ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም። እንግዲህ በዚያ በአንኮበር ተራራ ላይ ሁለት ዓይነት የእጅ ሥራ ተገናኝቷል ማለት ነው፤ የእንግሊዝ ጠመንጃና የሸዋ ስፌት። ጠመንጃው ከነቁጥሩ ታሪክ ውስጥ ገባ። ስፌቱን የቆጠረው የለም።

ነገር ግን ያው ስፌት የመንግሥቱም መቁጠሪያ ነበር። ግብር በእህል በሚከፈልበት ዘመን እህሉ የሚሰፈረው በቁና ነው፤ ቁና ደግሞ ከሣር የተሰፋ ዕቃ ነው። ልኩ እንደየአገሩ ቢለያይም ብዙ ጊዜ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባላል። ገበሬው ስለ ሚዛን ፍትሕ ሲናገር "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" ያለው ለዚህ ነው። ጎተራው የሞላው፣ ግብሩ የገባው፣ ሠራዊቱ የበላው በሴት እጅ በተሰፋ ልክ ነበር።

ሣርና ወራት

የመሶብ ሥራ ወስፌ ከመነሣቱ በፊት ይጀምራል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ስንደዶ ያብባል። ልጃገረዶች ሰብሰብ ብለው ወደ መስኩና ወደ እርሻው ዳር ይወጣሉ፤ ስንደዶውንም አንድ በአንድ ይመዛሉ። አክርማውና ግራምጣውም ይሰበሰባል። ሣሩ ይደርቃል፣ ይለያል፣ ይሰነጠቃል። ለጌጥ የተመረጠው ቀለም ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አለላ ይባላል።

ስፌቱ ከመሐል ይነሣል። ሰበዙ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ ይሄዳል፤ ወስፌው ይበሳል፣ የራሰው ሣር በቀዳዳው ያልፋል፣ ይሳባል፣ ይጠብቃል። ከዚያ እንደገና ይበሳል። ጌጡ በወረቀት አይነደፍም። ሰፊዋ ዙሩ ሲሰፋ አለላው ስንት ጊዜ እንደሚገባ በልቧ ትቆጥራለች፤ ከተሳሳተች ስሕተቱ ሁለትና ሦስት ዙር ካለፈ በኋላ ይገለጥባታል። ያን ጊዜ ወይ ትፈታዋለች፣ ወይ ስሕተቱን ጌጥ ታደርገዋለች። "ሙያ በልብ ነው" የሚባለው ተረት ስፌት ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

አንድ ትልቅ መሶብ ከነእግሩና ከነክዳኑ ወራት ይፈጃል፤ ምክንያቱም የሚሰፋው እህል ተፈጭቶ፣ ውሃ ተቀድቶ፣ ልጅ ተጠብቶ በተረፈችው ሰዓት ነው። ሣሩ ከመስክ ያለ ዋጋ የመጣ ነው፤ በስጦታ የሚሰጠው ወራቱ ነው። ሙሽራ ከእናቷ ቤት ሙዳይና መሶብ ይዛ ስትወጣ የብዙ ሴቶችን ወራት ይዛ ትወጣለች። ለመንገደኛ ስንቁ በአገልግል፣ ለአራስ ገንፎውና እንጀራው በሌማት ይሄዳል። አክስቴ እንደነገሩኝ በእሳቸው ዘመን የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም ነበር፤ ጥቂት ቆሎም ብትሆን ታርፍበታለች። መሶብ ባዶ ሆኖ ለማየት ብቻ የሚቀመጥ ዕቃ መሆኑን ስነግራቸው አልተቆጡም። "ታዲያ ምን ይሠራል?" ብቻ አሉኝ።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልበል። ደማቁን ወይን ጠጅና አረንጓዴ አይተን "ከጥንት የወረስነው" እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት የለንደን ተማሪ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን በቤተ ሙከራ ሊሠራ ሲሞክር ሳያስበው ወይን ጠጅ ቀለም አገኘ። ሰው ሠራሽ ቀለም ከዚያ ወዲህ በዱቄት እየታሸገ ዓለምን አዳረሰ፤ የእኛንም ገበያ ገባ። አክስቴ ልጅ ሳሉ ቀለሙ ገበያ ላይ በማንኪያ እየተሰፈረ ይሸጥ እንደነበር ያስታውሳሉ። በአለላው ላይ የለንደን ኬሚስት እጅ አለበት ማለት ነው። ይህ የመሶቡን አገርነት አይቀንስም። የእናቶቻችን ሙያ አዲስ ነገር ሲመጣ የሚሸሽ እንዳልነበረ ግን ይመሰክራል።

የኪሮሽ ዘመን

እናቴ ስፌት አልሰፋችም። ትምህርት ቤት ገባችና ኪሮሽ ያዘች። "ኪሮሽ"ም "ዳንቴል"ም ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ የሴቶች ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ መርፌና ክርም አብረው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች የቀለም ትምህርት በር ከፈተ፤ የእጅ ሥራም ከትምህርቱ አልተለየም። ዳንቴል በሌላውም ዓለም የችግር ቀን ሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ረሃብ በመታት ጊዜ መነኮሳት ለድሃ ሴቶች የኪሮሽ ሥራ አስተምረው፣ ዳንቴሉ ተሽጦ እህል ተገዝቶበታል።

በእኛ ከተሞች ኪሮሽ የስፌትን ቦታ ወረሰ። ሬዲዮኑ ዳንቴል ለበሰ፤ ቀጥሎ ሶፋው፣ ብፌው፣ ቴሌቪዥኑ። ሙሽራ የተጠለፈ የትራስ ልብስ ይዛ ትገባ ጀመር። ነገሩ ያው ነው፤ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለሚዜ የሚሰጥ የተረፈ ሰዓት። እኔ ግን ሁለቱንም አላውቅም። ልጅ ሳለሁ የእናቴን ኪሮሽ ባነሣሁ ቁጥር "ተይው፣ ደብተርሽን ያዢ!" እባል ነበር። እናቴ ትክክል ነበረች፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በያዝኩት ደብተር ነው። የሦስት ትውልድ ሰንሰለት የተበጠሰው ግን በእኔ እጅ መሆኑን መደበቅ አልችልም።

ግድግዳና ገበያ

ክዳኑን ግድግዳ ላይ በመስቀሌ ጥፋተኛ ነኝ ወይ? ሐረር የሄደ ሰው እንዲህ አይልም። በጀጎል ውስጥ ያለ የሐረሪ ቤት ግድግዳው በስፌት የተሸለመ ነው። ስፌቱ ግን ዝም ብሎ አልተሰቀለም፤ ቦታ አለው፣ ከማን ወገን እንደመጣና ለየትኛው ሠርግ እንደተሰፋ የቤቱ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የእኔ ጥፋት መስቀሌ አልነበረም። ሳልጠይቅ መስቀሌ ነው።

ስፌት በሰፊው ወደ ገበያ መግባቱን የሚያማርር ሰው አለ። እኔ አላማርርም። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ የእጅ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎችን የሚያስፋፋ መሥሪያ ቤት በአዋጅ ተቋቁሞ ባለ እጆችን በኅብረት ሥራ ማደራጀት ተሞክሯል። ዛሬ መሶብ ከሽሮ ሜዳና ከቸርችል ጎዳና ሱቆች ተገዝቶ ዋሽንግተን ድረስ ይሄዳል፤ ኢትዮጵያዊ ምግብ ቤት ውስጥ እንደ ገበታ ይቀርባል። መንግሥትም በ2017 ዓ.ም. ለጀመረው የአንድ ማዕከል አገልግሎት "መሶብ" የሚል ስም መርጧል። ከዚህ ሁሉ አንዲት ሰፊ ለወራቷ ዋጋ ካገኘች እሰየው ነው፤ አያቶቿ አላገኙም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሱቅ የገባ መሶብ "የሐበሻ ዕቃ" ይሆናል። ከእነዋሪ ይምጣ ከጎንደር፣ ከማን እጅ ይምጣ፣ የሚጠይቅ የለም። በየሙዚየሙም ስፌት ሲቀመጥ የሠሪዋ ስም የሚጻፍለት ከስንት አንድ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት በምትሰፋበት ዘመን ስም መጻፍ አያስፈልግም ነበር፤ ሁሉም እጁን ያውቀዋልና። ዕቃው ከሚያውቁት ዓይኖች ሲርቅ ግን ፊርማው ይጠፋል። በዚያ ላይ ሣሩም እየራቀ ነው። አክስቴ እንደሚሉት ልጅ ሆነው ስንደዶ የመዘዙበት የእርሻ ዳር ዛሬ ታርሷል። መሬቱ ጠቧል፣ ቤተሰቡ በዝቷል፤ ሣር ይቅር ብሎ ስንዴ የሚዘራውን ገበሬ ማን ይወቅሰዋል?

ግራኟ

ወደ አክስቴ ልመለስ።

"የእርስዎ እጅ ካልሆነ ታዲያ የማን ነው?" አልኳቸው።

"የጎረቤቴ ነዋ! እይው እስቲ ልጄ፣ ጌጡ በየት በኩል ነው የሚዞረው? የሁላችን ወደዚህ ነው፤ የእሷ ወደዚያ። ግራኝ ነበረች።"

ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ። ሴትዮዋ ልጅ አልወለዱም። አክስቴ ለጋቢ የሚሆን ጥጥ ፈተሉላቸው፤ እሳቸውም በለውጡ መሶብ ሰፉላቸው። እኔ ቤት መያዜ ሲሰማ አክስቴ የራሳቸውን መሶብ ሊልኩ ፈልገው ነበር። አጠገቡ ሲያስቀምጡት ግን የጎረቤታቸው በለጠ። "ለከተማ ሰው የሚሻለውን ልላክ ብዬ ነው" አሉኝ። ግራኟ ሴት ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ወስፌያቸውን ማን እንደወሰደው አክስቴ አያውቁም።

ስማቸውን ጠየቅኩ፤ ነገሩኝ። ማስታወሻዬ ላይ ስጽፍ ግን አክስቴ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"ጋዜጣ ላይ እንዳታወጪያት። ዓይነ አፋር ነበረች፤ አትወድም።"

ቃሌን ሰጠሁ፤ ስለዚህም እዚህ አልጻፍኩትም።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ክዳኑን ከግድግዳው አውርጄ አገላብጬ አየሁት። ስንት ዓመት ዓይኔ ሥር ኖሮ አላየሁትም ነበር። እውነትም ወደ ግራ ይዞራል። መጽሔቶቹንና ደረሰኞቹን አወጣሁ፤ ከቁራጭ አቡጀዲ ላይ የሴትዮዋን ስም በእስክሪብቶ ጻፍኩና መሶቡ ግርጌ፣ ከእግሩ ውስጠኛ በኩል በመርፌ ሰፋሁት። ሦስት ጊዜ ጣቴን ወጋሁ። ክሩ ተወላግዷል፣ ቋጠሮውም በዝቷል። አንድ ቀን ገልብጦ የሚያይ ሰው ቢገኝ፣ መሶቡ የማን እጅ እንደሆነ ያነባል፤ ጨርቁን የሰፋው ግን ሌላ እጅ መሆኑን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልገውም።